የአንድ ትንፋሽ ሂሳብ

ያሃታ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሆኜ፣
ሰማያዊ ቀለም እቀባለሁ ትንፋሼን አፍኜ።
ሸራዬ የከሰል ወረቀት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይሰፋ፣
ቀለሙ ከበዛ የሚታፈን፣ ካነሰም የሚጠፋ።

ቀለሙን ታውቀዋለህ አባባ፤ የመንገድ ምልክት የተቀባው፣
በእስክሪብቶ ቱቦ ያለው፣ የአጎቴ ጀልባ የነበረው፤
ብቻ ከመሐሉ መዳቡ ወጥቶ ኮባልት ገብቶበታል፤
አራት ናይትሮጅኖች እንደ ቀለበት ጥፍር
ፈርጡን ይዘውታል።

«ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?» አልከኝ።
ሥራው ሽምግልና፤
ከሽቦው ተቀብሎ ለእንግዳው ማቀበል፣
ራሱ እንደ ነበረ መገኘት እንደገና።
ግን ይህ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ አይደለም፤
ለፍቺ ነው። ያለ እሱ ደጅ ጥናት
ማንም ከማንም አይለያይም።

እንግዳውን አስበው፤ ምድጃህ ዕድሜውን ሙሉ የተነፈሰውን፣
በዓይን የማይገኝ፤
ካርቦን በመሐል፣ ኦክስጅን በግራ፣ ኦክስጅን በቀኝ፣
ቀጥ ያለ፣ እንደ ምርኩዝህ።
የነደደ ነገር ሁሉ የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው፤
ቃል ካለቀ ወዲያ ማን ነው የሚያናግረው?

ኮባልቱ ደጅ ሲደርስ ግን፣ ኤሌክትሮን ሲያጎርሱት
(በዓይኔ አላየሁም፤ ማንም አላየው፤
በስክሪኑ ከሚወጣና ከሚወርድ መስመር ነው የማነበው)
ያ ቀጥ ያለው ከወገቡ ይታጠፋል።
ጎንበስ።
ሁለተኛ ጉርሻ፤ አንዱ ኦክስጅን እጁን ይለቃል፣
ውኃ ሆኖ ይሄዳል።
የቀረውን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤
ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣
ብረትህን ከድንጋዩ የፈታው፣
በሌሊት ፈረቃ ኢሶጋይን ሳይቀሰቅስ የወሰደው።
ነዳጅ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ይሆናል ይላሉ አለቆቼ፤
እኔስ እስካሁን አረፋ ነው ያየሁት፣
በዕድሜዬ ማምሻ፣ ጡረታዬ ደጃፍ ቆሜ፣ ሸምግዬ።

በልጅነቴ የዚህ ከተማ ጢስ ሰባት ቀለም ነበረው፤
መምህራችን በጠመኔ ሥሎ «ብልጽግና» ብሎ ጻፈው።
እናቴ ፉሚኖ ነጭ ሸሚዝህን አስጥታ
ግራጫ ታወርድ ነበር፤
አንድ ቀን ማጠቡን ትታ
ጥላሸቱን በጠርሙስ ትሰበስብ ጀመር፣
በየጠርሙሱ ቀን እየጻፈች፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር።
አንተ «የሚያበላን ጢሱ ነው» አልክ።
ሌላ አልተናገርክም።
ሳሏ ሲብስ መስኮቱን ዘጋህ እንጂ
ይቅርታ አላልክም።
ጎንበስ ስትል አይቼህ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት መጣህ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመትህን ይዘህ፣
ሊፍቱን ንቀህ፣ በደረጃ፣ በየፎቁ ቆመህ።
«ስንት ጢስ በላ?» አልከኝ፣ እንደ ድሮው፣ በፎርማን ድምፅ።
አሥር ሚሊ አምፔር፣ አራት ሰዓት ሙሉ፤
አባዛሁ፣ አካፈልኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ ካንድም ሁለቴ፤
መናገሩ አሳፈረኝ።
«የአንድ ትንፋሽህን ያህል፣ አባቴ።»

አልሳቅህም። ቱቦውን ይዘህ፣ «እኔ ልንፋበት?» አልክ።
«አይሆንም፤ ትንፋሽህ ኦክስጅን አለው፤ ያበላሽብኛል።»
በዚሁ መሐል መስመሩ ወረደ፤
ቀለሙ ከወረቀቱ ለቀቀ፣
ሰማያዊ ክር ሆኖ ውኃው ውስጥ ተንሳፈፈ፣ ደቀቀ።
«ሞተ?»
«ደከመ። ሰኞ ሌላ እቀባለሁ።»

ከዚያ ምርኩዝህ ወደቀ።
ላነሳልህ ስል በእጅህ ከለከልከኝ፤
ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ከብልቃጧ ፊት ለፊት፣
ከወገብህ ጎንበስ አልክ፣
ምርኩዝ ለማንሳት ከሚበቃው በላይ
ቆየህ።